ደን ብዬ የጻፍኩት እርሻ

የፕላን ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራው እንጅባራ ነው። የማወራላችሁን ካርታ የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለብዙ ወራት በሌላ ሰው ሳሳብብ ስለከረምኩ ነው።

የእኛ አገር ገበሬ ዛፍን እንደ ሰብል ነው የሚያለማው። ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይተክለዋል። መጀመሪያ ጤፉን ያጭዳል፣ ቀጥሎ ሣሩ ለከብት ይሆናል፣ ዛፉ በአራት በአምስት ዓመቱ ሲደርስ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ ከዚያ መሬቱን አርሶ እንደገና ጤፍ ይዘራል። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ በመኪና የሄደ ሰው ግራና ቀኝ የሚያየው ጫካ አብዛኛው እርሻ ነው። ይህን አላውቅም ልል አልችልም። ወላጆቼ ሞተው ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው፤ ያስተማሩኝም በዚያው ከሰል ነው።

የአካባቢውን የልማት ፕላን ስናዘጋጅ ካርታው ላይ ሁለት ቀለም አድርጌ ነበር፤ አንዱ ለደን፣ አንዱ ለገበሬ ዛፍ። አለቃዬ አዩትና፣ «ቅጹ ላይ ያለው ደን የሚል ብቻ ነው፤ አንድ አድርገው» አሉኝ። ትንሽ አጉረመረምኩና አንድ አደረግሁት። ካርታው ሲቀርብ አረንጓዴው ስለበዛ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

በዓመቱ ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ። ፕላኑ ጸደቀና፣ ደን ተብሎ በተከለለ ቦታ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ተከለከለ። ወዲያው ዛፉ ላይ በሽታ ገባ፤ ቅጠሉ እየዛገ ይረግፋል፣ ግንዱም ቆሞ ይደርቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ፤ ዛፉን ሳይደርቅ ቆርጦ ማክሰል፣ መሬቱንም ለሐምሌ ጤፍ ማድረስ።

አጎቴ በመጋቢት ቢሮዬ ድረስ መጡ። የቀበሌው ሰው «ማሳዎ ደን ነው» ብሎ ከልክሏቸዋል። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም። ባልደረቦቼ ፊት፣ እንደወትሯችን በአዊኛ፣ «እኔ የተከልሁትን፣ እኔ ያረምሁትን ማነው ደን ያለው? ይኸን ካርታ የሠራውን ሰው አሳየኝ፤ ወስጄ ማሳዬን ላሳየው» አሉ። «አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው። ማን እንደሠራው ግን አልነገርኳቸውም።

ሁለቱን ቀለም መልሼ ደብዳቤ ጻፍኩ። አለቃዬ ስህተቱን አልካዱም፤ ግን የጸደቀ ፕላን በዘፈቀደ አይነካም አሉ። የግብርናው ሰው ጉዳዩን ለመሬት ጽሕፈት ቤት መራው፣ የመሬቱ ለደን፣ የደኑ ተመልሶ ለእኛ። የራሴ ደብዳቤ «ለአስተያየት» ተብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ቀዳድጄ ልጥለው ዳድቶኝ ነበር። ስብሰባ ጠየቅሁ፤ ስብሰባው ሌላ ስብሰባ ወለደ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሁሉም «ዘላቂ ልማት» እያለ ይናገራል፤ ስንት ዘመን የዘለቀው ነገር እዚያ ማሳ ላይ እየደረቀ ነው። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌም አለፈ። እኔ በሁሉም ላይ ተናደድኩ፤ ያቺን አንድ ቀለም ያጠፋው እጅ የማን እንደሆነ ላለማሰብ ንዴቱ ይመቸኝ ነበር።

የመቁረጥ ፈቃዱ የመጣው ነሐሴ ሲጋመስ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ወረቀቱን ይዤ ራሴ ሄድኩ። ከወንዙ ማዶ፣ አረንጓዴው ቀለም ያልደረሰበት ማሳ ላይ ጤፉ በቅሏል። በእኛ በኩል ዛፎቹ ቅጠል አልባ ሆነው ቆመዋል።

አጎቴ ወረቀቱን አስነብበውኝ ሰሙ። «ለማገዶ ይሆናል እንግዲህ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ዘንድሮ ጤፍ እንሸምታለን» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ጤፍ ሸምተው አያውቁም።

ከዚህ በላይ ዝም ማለት አቃተኝ። «ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ከልጅነቴ ጀምሮ እኔና እሳቸው የምናወራው በአዊኛ ነው። ያን ቀን ግን ለቢሮ ሰው እንደሚናገሩት በአማርኛ መለሱልኝ።

«ባዳ ቢሆን ረግሜው ነበር። አንተን ምን ልበል?»