የሚካኤሏ ብር

አልበሙ ሲከፈት የሚሸተው ባሕር ዛፍ ነው። እናቴ ብል እንዳይበላው ቅጠሉን በየገጹ መሐል ትሸጉጣለች። ያ ሽታ ሲመጣ ወንድሜ ከነሳቁ ፊቴ ድቅን ይላል።

ወንድሜ ላሊበላ አስጎብኚ ነበር። በየዓመቱ ለገና የሚመጣ አንድ ሽማግሌ ኦስትሪያዊ ደንበኛ ነበረው፤ ሲመጣ ከአገሩ ትንንሽ መንደሮች የወጡ አሮጌ የወረቀት ገንዘቦች ያመጣለታል፤ ወንድሜም በዚህ አልበም ኪሶች ውስጥ ይሰበስባቸዋል። ከመዳፍ ያነሱ፣ የየመንደሩ ሥዕል ያለባቸው ናቸው። ወንድሜ "ድሮ በክፉ ቀን ሳንቲም ሲጠፋ፣ እያንዳንዱ መንደር የራሱን አተመ" ሲለን እናቴ አልዋጥልሽ አላት።

"መንደር ብር ሲያትም ንጉሡ ምን አለ?"

ደግሞ አንዱ ወረቀት ላይ ባለ ጉልላት ሕንፃ ስታይ ቤተ ክርስቲያን መስሏት ተሳለመችው። "ታቦቱ ማነው?" አለች። ወንድሜ ግራ ገባውና "ጊዮርጊስ" አላት። እኔ በሳቅ ልፈነዳ! ከዚያ ወዲያ አዲስ ወረቀት በመጣ ቁጥር የታቦት ስም ማውጣት የእሱ ዕዳ ሆነ፤ ይቺ ኪዳነ ምሕረት፣ ያቺ ሚካኤል። እናቴም እውነት መስሏት አልበሙን በታቦቶቹ የበዓል ቀን ቅደም ተከተል ደረደረችው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ እንግዳ ጠፋ። ወንድሜ ሥራ ፈትቶ ከረመና ዐረብ አገር ልሂድ ብሎ ተነሣ። በሚሄድበት ጠዋት እናቴ የሚካኤሏን ብር ከአልበሙ አውጥታ ጃኬቱ ኮሌታ ውስጥ ሰፋችለት።

"ባሕር የሚያሻግር እሱ ነው፣ የኔ ልጅ።"

"እማ፣ ይቺ እኮ..." አለና ዐይኗን ሲያይ ተወው። ኮሌታውን ሳመ። ያን ጊዜ አልሳቅሁም። መጨረሻ የደወለው ከባሕሩ ዳር ነው፤ "ነገ እንሻገራለን" አለ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማንም።

ዘንድሮ ሽማግሌው በምርኩዝ ተመልሶ መጣ። ለወንድሜ ካመጣቸው ወረቀቶች መሐል የሚካኤሏ መንታ ነበረች። የሆነውን ስነግረው አለቀሰ። "የዚህች ቤተ ክርስቲያን ስሟ ማነው?" አልኩት።

"ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ የመንደሩ ቢራ መጥመቂያ ነው" አለኝ።

ቤት ገብቼ መንታዋን የአልበሙ ባዶ ኪስ ውስጥ ልከታት ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"ተይ፣ የእሱ ቦታ ነው። ይዟት ሲመጣ የት ሊያስገባት ነው?"

ወር በገባ በአሥራ ሁለት አልበሙን ትከፍትና ያቺን ባዶ ኪስ ትሳለማለች። ከዚያ ለእኔ ትዘረጋልኛለች። እኔም እሳለማለሁ።