አንኳኩቼ ያየሁት ምድጃ

ጉለሌ በተከፈተው የዘላቂ ልማት ኤግዚቢሽን ላይ፣ ሸክላ መሥራት ያስተማርኳት የቀጨኔ ጎረቤቴ ከሰል ቆጣቢ ምድጃዎቿን ደርድራ፣ ማይክ ይዛ ለእንግዶች ታስረዳለች። ጭቃ ማቡካት እንኳ ከእኔ ነው የተማረችው! እኔ ግን ቆሜ ተመልካች። በቅናት አንጀቴ አረረ።

የተሰነጠቀ ሸክላ ሲያንኳኩት ድምፁ ይታፈናል። በሰው ፊት ላዋርዳት ብዬ አንዱን ምድጃ በጣቴ አንኳኳሁት። ጥርት ብሎ ጮኸ። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም። ምናለ አንዱ እንኳ ቢሰነጠቅ!

ስታየኝ ንግግሯን አቋረጠች። «ያስተማሩኝ እኚህ እናት ናቸው» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ዛሬም ሥራዬን ሳይፈትሹ አያልፉም።»

አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበልኝ። እጄ ገና አራተኛው ምድጃ ላይ ነበር።