ደመናዋ ሳትጨልም

በመሥሪያ ቤቱ «ወንፊቷ» ይሏታል። ሥራዋ ሕዋ ላይ ያለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ የሚልከውን ምስል ማጣራት ነው፤ የመሣሪያ ጉድለት የወለደውን ብርሃን ከእውነተኛው ትለያለች። ቤቷ ገብታም አታርፍም። ባሏ ቀደም ብሎ ከመጣ «ምን ሆነህ ነው?» ካመሸ ደግሞ «የት ነበርክ?» ነው። ምስኪን፣ በሰዓቱ መግባት ለመደ። «ይሄ ሰው ምን ቢደብቀኝ ነው እንዲህ ሰዓት የሚያከብረው?» አለች።

አንድ ጠዋት፣ ሥራውን ያስተማሯት አንጋፋ ተመራማሪ ወንበራቸውን ወደ ወንበሯ አስጠጉ። «ጋሼ» ነው የምትላቸው። ጡረታቸው ደርሷል። ዕድሜያቸውን የፈጁት በጋላክሲያችን መሀል አቅራቢያ የተንጣለሉትን ግዙፍ የሞለኪውል ደመናዎች ሲያዩ ነው። እዚያ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ዛሬ ጭጭ ብሏል። ከጥቂት መቶ ዓመታት በፊት ግን ድንገት ቦግ ብሎ ነበር፤ ያ ብርሃን ገና እየተጓዘ ነው። የነካው ደመና በኤክስሬይ ይበራል፣ ሲያልፈው ይጨልማል።

«እቱ፣ ይቺን እያት» አሉ ጋሼ። አንዲት ትንሽ ደመና ደምቃለች። «ብርሃኑ እያቋረጣት ነው። አሁን ደግመን ብናያት ያ ቦግታ ምን ያህል እንደቆየ እናውቃለን። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው፤ አንዴ ካለፋት አይመለስም። የቴሌስኮፕ ተራ ይዣለሁ፤ ምስሉ እውነተኛ ነው የሚል ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ወንፊቷ ምስሉን አየች፤ ቀጥላ የጋሼን ፊት። ምን አጣደፋቸው? ዕድሜ ልክ ያልተገኘ ነገር በጡረታ ዋዜማ ከየት መጣ? ብርሃኑን የሚቀበለው የቴሌስኮፑ ሴንሰር አርጅቶ የሌለ ብርሃን እያሳየ ቢሆንስ? ይባስ ብሎ፣ ጋሼ ይህን እያወቁ ቢሆንስ? እንደ አባት ትወዳቸዋለች። ግን ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

አልፈረመችም። ለጋሼ ሳትነግር ለመሥሪያ ቤቱ አለቃ «ሴንሰሩ ይመርመር» አለች። አለቃውም የጋሼን የቴሌስኮፕ ተራ ለሌላ ቡድን ሰጠው። ጋሼ ቁጣም ክርክርም አላነሱም፤ ዝምታቸው ጭራሽ አስጠረጠራት። ኮሪደር ላይ ሲያገኟት ስልኳን የምታይ ትመስላለች። የድሮ ምስሎቻቸውን ሳይቀር እያወጣች አንድ በአንድ በረበረች፤ አንድም እንከን አጣች። ይህም ደስ አላሰኛትም።

ወራት ፈጅቶ የምርመራው ውጤት መጣ። ሴንሰሩ ምንም የለበትም። ያኔ ወንፊቷ ደነገጠች፤ እግሯ እስኪነቃ ሮጣ፣ ለምና፣ ተራ አስያዘች። ቴሌስኮፑ ዞረ። ደመናዋ ጨልማለች። ብርሃኑ አልፏታል። ሰው ያየኛል ሳትል እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ አለቀሰች።

ጋሼ ጡረታ ወጥተው ቤት ውለዋል። ሄዳ በራቸውን አንኳኳች፤ ራሳቸው ከፈቱ።

«ጋሼ፣ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው።»

«ታሟል ብዬሽ ነበር እንዴ?»

ፈገግ ልትል ስትል ፊታቸውን አየችና ተወችው። «ይቅር ይበሉኝ። መሣሪያውን ነበር እኮ የጠረጠርኩት...»

«መሣሪያውንማ ጠርጥሪ፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩሽ። የድሮ ሥራዬን እንደበረበርሽም ሰምቻለሁ። እኔን ከጠረጠርሽ ግን፣ ልጄ፣ ለምን ራሴን አልጠየቅሽኝም?»

ጋሼ በሩን እንደያዙ ቆመው ጠበቋት፤ ግቢ ግን አላሏትም።