በሰንሰለት የታሰረው ፎቶ ኮፒ

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር መሥሪያ ቤታችን የነበረው ፎቶ ኮፒ፣ በራሪ ወረቀት እንዳይባዛበት ከመስኮቱ ብረት ጋር በሰንሰለት ታስሮ ነበር። አንድ ሰሞን ከቀለም ቋቱ ጥቁር ዱቄት እያፈሰሰ ወረቀቱን ሁሉ ያዥጎረጉር ጀመር። ቋቱን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ገጠምሁ፤ ወይ ፍንክች! ተናድጄ በእጄ የነበረችውን የዘጌ ሎሚ ማሽኑ ላይ ባስቀምጣት ተንከባላ ወደቀች። መልሼ ባስቀምጣት፣ አሁንም በዚያው ጎን!

«አገኘሁት!» ብዬ ጮኽሁ። ለካ ሰንሰለቱ ስቦ አንድ እግሩን አንሥቶታል፤ ዱቄቱም በዘመመበት በኩል ይፈሳል።

የሰንሰለቱ ቁልፍ ያዥ የነበሩት ጓድ መጥተው ሰንሰለቱን ላላ አደረጉልኝ። ባዶ ወረቀት አባዝቼ ሞከርሁት፤ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ወጣ! እሳቸው ግን እያንዳንዱ ቅጂ ይመዘገባልና መዝገቡን ዘረጉልኝ። «የተባዛው ጽሑፍ» በሚለው ሥር «ምንም» ብዬ ጻፍሁና እየፈነደቅሁ ፈረምሁ።