ለባለቤቴ ማሽን የመረጥኩት ባትሪ

ሐኪሙ የባለቤቴ ሳንባ እየጠጠረ መሄዱን፣ መድኃኒቱም ቢያዘገየው እንጂ እንደማያድናት በነገረን ሰሞን፣ እሷ የምታወራው ስለ ባሕር ነበር። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረናል። እሷ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄደች ስትንከባከብ፣ እኔ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ስቆጣጠር፣ የሥራ ሺፍታችን ሳይገጥም ስንቱ በጋ አለፈ። ወደ ምዕራብ ቢነዳ በሁለተኛው ቀን ውቅያኖስ እንደሚደረስ እናውቃለን። ሄደን ግን አናውቅም።

ሐኪሙን እኔ ሳልሰማ ጠይቃው ኖሯል። ዝቅ ያለ አገር ለትንፋሽሽ እንዲያውም ይሻላል፣ ችግሩ መንገዱ ነው ብሏታል። ኦክስጅን የሚሰጣት ማሽን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ተኝታም ተቀምጣም መጥፋት የለበትም። ሆቴል እያደርን እንሂድ ብላት፣ ሲደክመኝ እዚያው ጋደም የምልበት ነገር ይሻለኛል አለች። በረዶው ሳይቀልጥ፣ ዕቃ ሲመላለስበት የነበረ አሮጌ ቫን ገዛን። አልጋውን እኔው ሠራሁት። የቀረው መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲጠፋ ማሽኑን የሚያሠራው መብራት ብቻ ነበር።

ከካልጋሪ ወጣ ብላ ባለችው ኦኮቶክስ ከተማ፣ ጋራዡ ውስጥ ቫን የሚያሰናዳ አንድ ሸምገል ያለ ፈረንጅ እንዳለ ሰው ነገረኝና አብረን ሄድን። እሷ መኪና ውስጥ ቀረች። ሰውዬው ምን ምን እንደምናሠራበት ጠየቀኝ፤ ፍሪጅ ነው፣ ምድጃ ነው፣ ቴሌቪዥን ነው? የባለቤቴን የኦክስጅን ማሽን አልኩት። እጁን በጨርቅ ጠረገና እስከ መኪናው ድረስ ሄዶ በመስኮት ሰላም አላት።

ከዚያ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ጄኔሬተር ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ጭሱና ጩኸቱ ግን ለእሷ አይሆንም። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ከባድ ነው፣ ከያዘውም ግማሹን ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው፤ በየተወሰነ ሰዓት ሞተር እያስነሱ መሙላት ያስፈልጋል። ሊቲየም የሚባለው ባትሪ ቀላል ነው፣ ብዙ ይይዛል፤ ግን ብርዱ ከዜሮ በታች ሲወርድ መሙላት ስለማይቻል ራሱን የሚያሞቅ ዓይነት ማዘዝ ይኖርብናል፣ እሱ ደግሞ ይቆያል። የእርሳሱ መደርደሪያው ላይ ነበረው።

“እኔ ብሆን ይኼን በዚህ ሳምንት አስገጥሜ በሰኔ እሄዳለሁ” አለኝ።

ላስብበት አልኩት።

ማሰቡ አላልቅ አለ። ከሥራ ስገባ ቪዲዮ አያለሁ፣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ሰውዬውን ደውዬ እጠይቃለሁ። አንዱን ስወስን ሌላ ስጋት ይመጣብኛል። ተራራው መሃል ሞተሩ አልነሳ ቢልስ? የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው ኢንቨርተር ቢቃጠልስ? ጣሪያው ላይ ሶላር ይጨመር? በመጨረሻ ሊቲየሙን አዘዝኩ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ያነሰን መስሎኝ በትልቁ አስቀየርኩት። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ትስቅብኝ ነበር፤ ለሰፈራችን ለፋልከንሪጅ ሰው ሁሉ መብራት ልትሰጥ ነው ወይ ትለኛለች። በኋላ ስለ ቫኑ መጠየቅ ተወች። መተዋን እንኳ ልብ አላልኩም።

ሐምሌ ላይ የሰደድ እሳቱ ጭስ ከተማውን ሸፈነና መስኮት ዘግተን ተቀመጥን። ባትሪው የመጣው ነሐሴ ሲያልቅ ነው። ተገጥሞ ቫኑን ይዤ የተመለስኩ ዕለት ደስ ብሎኝ የባትሪውን ማሳያ፣ ሶላሩን፣ ገመዱን በስልኬ ካነሳሁት ፎቶ አንድ በአንድ ላሳያት አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ያኔ ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ መሃል ላይ ግድግዳ ይዛ ታርፋለች። የማሽኑም ኦክስጅን ከፍ ተደርጎላት ነበር። ሐኪሙ ረጅም መንገድ እንዳናስብ የነገረን ከሦስት ቀን በፊት ነው፤ እኔ ግን ባትሪውን ሲያይ ሐሳቡን የሚቀይር ይመስል ደስ ብሎኝ ነበር።

ስጨርስ ቀና ብላ አየችኝና፣

“እኔ እኮ ባትሪ አልጠየቅሁህም። ባሕር ነው የጠየቅሁህ” አለችኝ።

ተቆጥታ አልነበረም። እንዲያውም ቀስ ብላ፣ በየቃሉ መሃል እየተነፈሰች ነው ያለችው።

“መንገድ ላይ ብትታፈኚብኝስ ብዬ ነው።”

“አውቃለሁ” አለችና እጄን ያዘችኝ።

በመስከረም አንድ ቅዳሜ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ቫኑን አቁሜ የጎኑን በር ከፈትኩላት። የሄድነው እዚያ ድረስ ነው። ማሽኑ በባትሪው ያለ ችግር ሠራ። ብርቱካን ልጬላት ግማሹን በላች፤ ውሃውን እያየች እንቅልፍ ወሰዳት። እንድትነቃ ስላልፈለግሁ ሳልንቀሳቀስ ተቀመጥኩ። ማሳያውን ሳየው ባትሪው ምንም አልተነካም ማለት ይቻላል። ለብዙ ቀን የሚበቃ ነበር። እኛ ያሠራነው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

በኅዳር ሆስፒታል ውስጥ አረፈች።

ለቅሶው ቤታችን ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰው ሞልቶ ሳለ የኦኮቶክሱ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ለካ ልጄ ስልኬን ይዛ ለደወለ ሁሉ ስትናገር ለእሱም ነግራዋለች። ጫማውን አውልቆ ገባ። አጠገቤ የነበሩ እናት ማን እንደሆነ ጠየቁኝ።

“እትዬ፣ ባለቤቴን በመኪና ላንሸራሽራት ስል የረዳኝ ሰው ነው” አልኳቸው።

ወዲያው ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡት፤ ምግብም አስመጡለት። የቀረበለትን በላ። ሰው ለጸሎት ሲነሳ ተነሳ፣ ሲቀመጥ ተቀመጠ። ሲሄድ በር ድረስ ሸኘሁት። ጫማውን እያሰረ፣ ያን ጊዜ የነበረኝን ባትሪ ልግጠምልህ ብዬ ልጫንህ ይገባኝ ነበር አለ።

“ነግረኸኝ ነበር። ያልሰማሁህ እኔ ነኝ” አልኩት።

“አይደለም፣ አንተ ምን ታደርግ” አላለኝም። ከሞተች ጀምሮ ሁሉም ሰው እንደዚያ ሲለኝ ነበር። እሱ ትከሻዬን ያዝ አድርጎኝ ትንሽ ቆመና ሄደ። ያኔ ነው መጀመሪያ ያለቀስኩት፣ በረንዳው ላይ፣ በካልሲዬ ቆሜ። ልጄ መጥታ ጃኬቴን እስክትደርብልኝ ድረስ ብርዱ አልተሰማኝም።