ዘርይሁን ይቅር ያለው ሰው

ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ ዘርይሁን መካኒኩን የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ አለ ከተባለም ትናንት የገባ ነው። በደርግ ጊዜ ከጎንደር በመተማ አድርጎ ሲወጣ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ካርቱም ሠላሳኛ ዓመቱን ሲደፍን ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው በአንድ ነገር ነው፤ የመኪናን የራሱን ዕቃ አይጥልም። ሌላው መካኒክ አሮጌ መኪና ሲገባለት፣ ያላ፣ የቶዮታ እንግጠምበትና እንገላገል ይላል። ዘርይሁን ያንኑ አሮጌውን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ሞርዶ፣ ነፍስ ዘርቶበት ያስወጣዋል። ይኮራበትም ነበር። ልኩን ያለፈ ኩራት ነበር ብል ራሱም አይቀየመኝም።

በፈረንጆቹ 2013 ረሺድ የሚባል የቡሪ ሰፈር ሰው አንዲት አሮጌ የእንግሊዝ መኪና፣ ሂልማን፣ አስጎትቶ ወርሻ በሚሉት ጋራዡ በር ላይ አቆማት። ረሺድ ጡረታ የወጣ የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ መኪናዋን አባቱ በ1961 ሲገዟት አዲስ ነበረች። አሁን ሦስተኛ ማርሽ ሲያስገቡላት እየተፈናጠረ ይወጣል። ልጆቹ የጃፓን ካምቢዮ ይገጠምባት ቢሉት፣ አባቴ የነካውን ማርሽ ነው መንካት የምፈልገው ብሎ እምቢ ብሏቸዋል። ዘርይሁን ይህን ሲሰማ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ሂልማኗ ከዚህ ግቢ የምትወጣው በራሷ ካምቢዮ ነው፣ ኢንሻላህ፣ ብሎ ቃል ሰጠው።

ካምቢዮውን ያወረዱት ከበለጠ ጋር ነው። በለጠ አርባን የተሻገረ፣ ዝምተኛ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው። ሥራውን ያስተማረው ዘርይሁን ራሱ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል፣ ከአንድ ሳህን ፉል በልተዋል። ውስጡን ከፍተው ሲያዩት ጉዳቱ የሚታከም ሆኖ ተገኘ። ማርሽ ሲቀየር ጥርሶቹ ሳይጋጩ እንዲገናኙ የሚያደርገው የናስ ቀለበት ደግሞ በጤናው ነበር። ዘርይሁን እሰይ አለ፤ ምክንያቱም የሂልማን ቀለበት በዚያን ጊዜ ካርቱምን ቢያስሱ አይገኝም። እሱ ከሌለ ካምቢዮው ተራ ብረት ነው።

መልሶ ሊገጥም በተነሣበት ረቡዕ ወባ ጣለችው። ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ አለው፣ ከዚያ ወዲያ እንዴት ቤት እንደደረሰ አያውቅም። አምስት ቀን ተኛ። ሲመለስ ዕቃዎቹ ጨርቁ ላይ እንደተደረደሩ አገኛቸው፤ ቀለበቱ ግን የለም። ጠረጴዛ ሥር ፈለገ፣ አሸዋውን በወንፊት ነፋ፣ ቆሻሻ መጣያውን ዘረገፈ። የለም።

በእነዚያ አምስት ቀናት ወርሻው ውስጥ የነበረው በለጠ ብቻ ነው። ሳምንት ቀደም ብሎም፣ አንድ ሰው የሂልማን ቀለበት እያፈላለገ ነው ብሎ ያነሣው እሱ ነበር። ዘርይሁን አንዴ ከጠረጠረ በኋላ ሁሉ ነገር ማስረጃ ሆነለት። ዝምታው፣ አቀርቅሮ መሥራቱ፣ ምናልባት ቤት ይዘውት ሄደው ይሆን ብሎ መጠየቁ እንኳ። አይ ዘርይሁን! ሰውየው ሲረዳህ ነበር እኮ።

ፖሊስ ዘንድ መሄድ አይታሰብም። በለጠ ኢቃማ የለውም፤ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሐበሻ ጣቢያ ከገባ ክሱ ይረሳና እሱ ራሱ ወደ ድንበር እንደሚጫን ሳጃና ያውቃል። ስለዚህ በወጉ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሁሉም ታላቅ በሆኑት በአቶ ሀይሉ ቤት። ዘርይሁን ተነሥቶ ቀለበቱን በገዛ እጄ ጨርቁ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም፣ አለ። በማርያም ማለ። በለጠ አልወሰድኩም አለና ሌላ ቃል አልጨመረም። ሽማግሌዎቹ እስቲ ሳምንቱን አስብበት ብለው አሰናበቱት።

በሳምንቱ በለጠ ገና ሳይቀመጥ፣ "ወስጃለሁ፤ ይቅር በሉኝ" አለ። ቀለበቱ የት ነው ሲባል ጠፍቶብኛል አለ፤ ከዚያ ሄዶ የዘርይሁን ጉልበት ላይ ወደቀ። ዘርይሁንም እጁን ራሱ ላይ ጫነና ይቅር ብዬሃለሁ አለው፤ ሰው ሆኖ የማይስት የለም፣ ካሣም አልፈልግም፣ ነገ መጥተህ ሥራህን ቀጥል አለው። ድምፁ ራሱ ደስ ይል ነበር አሉ። አቶ ሀይሉ እንባቸው መጣ። ሰው ሁሉ መረቀው፤ ምርቃቱን አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ፣ በልቡ ግን ይገባኛል እያለ ነበር።

በለጠ በነጋታው አልመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም። ጀብራ ወደሚባለው ሰፈር ወርዶ መንገድ ዳር ጎማ መጠገን መጀመሩ ተሰማ። ዘርይሁንም የሂልማኗን ወለል ቆርጦ፣ ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ አሳጥሮ፣ የቶዮታ ካምቢዮ ገጠመባት። ረሺድን ሌባ ጉድ ሠራኝ አለው። ረሺድ አዲሱን ማርሽ ያዝ አድርጎ ለቀቀውና ማዕሌሽ፣ ግድ የለም አለ። አሮጌውን ግን እንዳትጥልብኝ፣ ቤት ቦታ ሳገኝለት እወስደዋለሁ ብሎ ሄደ። ካምቢዮው እንደተከፈተ በጆንያ ተጠቅልሎ ጥግ ተቀመጠ።

ዓመት አለፈ። አንድ ጠዋት ረሺድ ደወለ፤ ሳሎን ውስጥ የአባቱ ፎቶ ሥር ሊያኖረው ስለሆነ አጥበህ ላክልኝ አለ። ዘርይሁን ጆንያውን ፈታ፣ በሞተሩ በኩል የሚገባውን ዘንግ ስቦ አወጣና ቤንዚን ውስጥ ነከረው። ጥቁሩ ግሪስ ሲለቅ ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። ቀለበቱ ነው። ዘንጉ ላይ፣ በትክክለኛ ቦታው ተቀምጧል።

ሲገጠም እንዳይወድቅ ቀለበቱን በግሪስ መለጠፍ የታወቀ ነው። በለጠ በብሩሽ ስስ አድርጎ ነበር የሚቀባው። በአውራ ጣቱ እየጠቀጠቀ በወፍራሙ የሚለጥፍ በዚያ ወርሻ ዘርይሁን ብቻ ነው። ያልታጠበው ግሪስ ላይ የጣቱ አሻራ አሁንም ይታይ ነበር። ያን ረቡዕ ወባዋ ሳትጥለው በፊት ዘንጉን ከነቀለበቱ መግጠም ጀምሮ ነበር ማለት ነው፤ ትኩሳቱ ያንን ከአእምሮው ጠርጎ አጠፋው፤ ሲመለስም ዘንጉ ከመጀመሪያው ያልወጣ መስሎት አለፈው። የጠፋ ዕቃ ጠረጴዛ ሥር፣ አሸዋ ውስጥ፣ ሰው ኪስ ውስጥ ተፈለገ። በገዛ ቦታው ማንም አልፈለገውም።

መጀመሪያ ደስ አለው። ይህን ሲያስበው እስከ ዛሬ ይቀፈዋል። ሂልማኗ የራሷን ካምቢዮ መልሳ ልታገኝ ነው ብሎ እሰይ አለ፤ በለጠ ትዝ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። በሐሰት መማሉ አንድ ነገር ነው፤ የከፋበት ግን ይቅርታው ነበር። ንጹሕ ሰው እግሩ ሥር ወድቆ፣ እሱ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ይቅር ብዬሃለሁ ሲለው ይታየዋል። ያንን ለስላሳ ድምፁን ይሰማዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አለ፣ ብቻውን፣ ጮክ ብሎ።

ወዲያው ሄደ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልሄደም። ሦስት ሳምንት ቀለበቱን በኪሱ ይዞ ዞረ። የሆነው ሆኗል፣ በለጠም ሥራ ይዟል፣ ለምን ቁስሉን እነካካለሁ እያለ ራሱን ያባብል ነበር። ሀፍላ የሚሉትን አውቶቡስ ተሳፍሮ የዓባይን ድልድይ ሲያልፍ ሁለት ጊዜ በመስኮቱ ሊወረውረው እጁን ኪሱ ውስጥ ከቷል። በሦስተኛው እሑድ ግን አቶ ሀይሉ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የተጣሉ ጎረቤታሞች ሲያስታርቁ በጣታቸው ወደ እሱ እያመለከቱ ከዘርይሁን ተማሩ አሉ። ሰዎቹ ዞረው በአክብሮት ተመለከቱት። ከዚያ ግቢ እንዴት እንደወጣ እሱ ያውቃል።

ሰኞ ወርሻውን ዘግቶ ጀብራ ወረደ። በለጠ ሪክሻ ከሚሉት ባጃጅ ጎማ ሲያወልቅ አገኘው። ከስቷል። ሲያየው ብድግ አለ፤ የያዘውን ጥሎ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ እንደ ድሮው አጎንብሶ ሰላም አለው። ዘርይሁን በሀፍላው ውስጥ ያሰናዳውን ንግግር ተወው። እጁን ብቻ ዘርግቶ ከፈተው።

በለጠ ቀለበቱን አየ። አልነካውም።

"የት ነበር?"

"እዚያው ካምቢዮው ውስጥ፣ ቦታው ላይ። እኔው ነኝ ያስገባሁት። ሳላውቅ።"

ዘርይሁን እሑድ አቶ ሀይሉ ቤት፣ በዚያው ሰው ሁሉ ፊት ቆሞ እንደሚናገር፣ ጉልበቱም ላይ እንደሚወድቅ ነገረው። ዘርይሁን ሦስት ሳምንት ሲያንገበግበው የከረመውን አሁን ጠየቀ። መልሱን የሚያውቀው መስሎታል፤ ኢቃማ ስለሌለኝ ፈርቼ ነው እንደሚለው እርግጠኛ ነበር።

"ታዲያ ለምን ወስጃለሁ አልክ?"

"እርስዎ በማርያም ማሉ" አለ በለጠ። "አሥራ ሁለት ዓመት ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ቤት ገብቼ የቱታዬን ኪስ ሁሉ ገለበጥኩ። ባለቤቴ ሙላቷም ፍራሹን ቀድዳ ፈለገችልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ፈለግን። እርስዎ ካሉ፣ ሳላውቀው ይዤው ወጥቼ ይሆናል ብዬ ነው።"

ዘርይሁን የሪክሻውን ብረት ያዘ።

በለጠ ጎንበስ ብሎ የጣለውን መፍቻ አነሣ። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰማያዊ በር በአገጩ አሳየው።

"ሙላቷ ቤት ናት፣ ጋሼ። እስካሁን አላረፈችም፤ ቤት በቀየርን፣ ዕቃ ባነሣን ቁጥር ትፈልገዋለች። ሄደው ተገኝቷል ይበሏት፤ እኔ ብነግራት አታምነኝም።"

ዘርይሁን በእሺታ አንገቱን ነቀነቀና ቀለበቱን እንደያዘ መንገዱን ተሻገረ።