የእትዬ ስንዱ ስለትና ቀዩ መርፌ

ባለፈው ሰሞን ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ ነርሷ ከትንሽ ብልቃጥ ቀይ መድኃኒት በመርፌ ስትስብ ሳቄ መጣ። ምን ያስቅዎታል አለችኝ። ፊደል እንደነገሩ የቆጠርኩ ነኝ፤ ያንን ቀይ ግን እሷ ሳትወለድ አውቀዋለሁ።

በንጉሡ ጊዜ ነው። ጎረምሳ ነኝ፤ ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቅጬ ምድጃ እሠራለሁ። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ስንዱ፣ እህል በረንዳ ምስር ትቸረችራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ላትቀምስ ተስላ፣ ለፋሲካ እንኳ ሽሮ ነበር የምትበላው። ሽሮዋስ ቢሆን፣ ሽታው ጎረቤት ይጠራል፤ ዛሬ እንደዚያ ያለ የለም።

አንድ ክረምት ፊቷ ገረጣ። ከገበያ በጭቃው ስትመጣ አንድ እግሯ ባዶ ነው። ጫማሽስ ብላት ቁልቁል አይታ ደነገጠች። መውለቁን አላወቀችም።

«እግሬ የሰው እግር ሆነብኝ» አለችኝ።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ሐኪሙ ከሥጋና ከወተት የሚገኝ ነገር አጥሯት ነው ብሎ ቀይ መርፌ አዘዘላት፤ ካልተወጋች መራመድ ታቆማለች አለ። እሷ ብልቃጡን ስታይ የበሬ ደም ነው፣ ስለቴን አላፈርስም ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እኔ ግትር ነኝ፤ እሷ ትብሳለች።

ሰፈራችን ያለውን መርፌ ወጊ፣ ድሬሰሩንና የንስሐ አባቷን ወደ ቤት አመጣሁ። ድሬሰሩ በትዕግሥት አስረዳ። ይህን መድኃኒት በዓይን የማይታዩ ተዋሲያን ለራሳቸው ኑሮ፣ ምግባቸውን ለመፍጨት ይሠሩታል። በሬም ራሱ አይሠራውም፤ ሆዱ ውስጥ ያሉት ይሠሩለታል፣ እኛ ከሥጋው ከወተቱ እናገኛለን። ፈረንጆቹ ግን ተዋሲያኑን ብቻ በትልቅ በርሜል ጠንስሰው መድኃኒቱን አጣርተው ያወጣሉ።

«እንደ ጠላ?» አሉ ቄሱ።

«እንደዚያው ይበሉት፣ አባቴ።»

«ቅላቱስ?»

«ኮባልት ነው። ማዕድን ነው፤ የብረት ዘመድ።»

እኔም አላስቻለኝም፤ አባ፣ ብረት ስቀጠቅጥ ነው የምውለው፣ ፍስክ ሆኖ አያውቅም አልኩ። ቄሱ ሳቁና ወደ እህቴ ዞሩ።

«ልጄ፣ የተሳልሽው ሥጋ ላትበዪ ነው፤ እግርሽን ልትሰጪ አይደለም።»

እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ለድሬሰሩ ሰጠች።

ወራት ፈጀ። ማታ ማታ እግሯን በሙቅ ውሃ አጥባታለሁ፤ ውሃው ቢፈጅም ባይፈጅም አታውቅም ነበር። ጥቅምት ገብቶ ብርዱ ሲጠና፣ አንድ ምሽት እግሯን ከሳፋው መንጭቃ አወጣች።

«አንተ፣ ልትቀቅለኝ ነው?»

እንደዚያ ቀን ስድቧ ጣፍጦኝ አያውቅም።

እህቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን በእግሯ ሄደች፤ ስለቷንም ይዛ ሞተች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በክንዴ ነው ያደርኩት፣ የማንም እጅ የለበትም ስል ኖርኩ። አሁን አሁን ሳስበው በሬውም፣ ሆዱ ውስጥ ያሉት እየሠሩለት፣ እንደዚያ ሳይል አይቀርም።